የአዳማ ጋሪ፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ፈረሱን እዩት

አዳማ ውስጥ ደስ ብሎኝ ለማንም የምጠቁማቸው ጋሪዎች አሉ። በነፃ ውጪ ብባል የማልወጣባቸውም አሉ። የምለያቸው በወንበራቸው ወይም በዋጋቸው አይደለም። በፈረሱ ነው። ስለ ሆቴል፣ ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ባጃጅ ሁሉም ይጽፋል። ጋሪን ግን እንደ አገልግሎት ቆጥሮ ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ የሚል ሪቪው አላየሁም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ነው። ከትምህርቱ ሁሉ ልቤን የወሰደው ግን የእንስሳት ባህርይና ደህንነት ጥናት ነው። እንስሳ ምን ይሰማዋል? ስሜቱን በምን እናውቃለን? ኑሮው ደህና ነው የምንለውስ በምን ለክተን ነው? ይህን የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሳይንስ አለ። ለሰው ስነግር "እሱም ሥራ ነው እንዴ?" ይሉኛል። አዎ፣ ሥራ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አገልግሎቱ። ዋና ዋናው አስፋልት አሁን የባጃጅ ነው። ጋሪ የምታገኙት ገበያው አካባቢና ወደ ዳር ሰፈሮች በሚወስዱት የውስጥ መንገዶች ነው፣ ኮረኮንቹና አቧራው ባጃጅን በሚያስመርርበት ቦታ። ዋጋው በስምምነት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም የቤት ዕቃ ከያዛችሁ ከኮንትራት ባጃጅ ይሻላል። ባዶ እጃችሁን ከሆናችሁ ያን ያህል ልዩነት የለውም። ፍጥነት አትጠብቁ። ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር አይጣል ነው። ስለ ተሳፋሪው ምቾት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ፈረሱ።

ከሩቅ ጀምሩ። ወደ ጋሪው ከመጠጋታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ደህና ኑሮ ያለው ፈረስ ቆሞም ቢሆን ሥራ አይፈታም። ጆሮው ይዞራል፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን ያርገበግባል፣ ጭራውን ያወናጭፋል። ሰው ሲመጣ ዞር ብሎ ያያል። አጠገቡ ሌላ ፈረስ ካለ ያሸተዋል፣ አንዳንዴም አንገት ላንገት ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይህን ካያችሁ ግማሹን ፈተና አልፏል።

ሌላ ዓይነት ፈረስ ደግሞ አለ። አንገቱን ከጀርባው እኩል ቀጥ አድርጎ ይቆማል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን የትም አያይም። ጆሮው ደርቋል። ዝንቡ ዓይኑ ጥግ ቢሰበሰብም ራሱን አይነቀንቅም። አጠገቡ መኪና ክላክስ ቢያደርግ ንቅንቅ የለም። ብዙ ሰው ይህን ፈረስ "እንዴት ያለ ጨዋ ነው!" ብሎ ያደንቀዋል፤ እንዲያውም ልጅ ይዞ የሚሳፈር ሰው እሱን ነው የሚመርጠው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

በፈረንሳይ የሬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለዚሁ ጥናት አውጥተዋል። የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረሶችን ነበር የተከታተሉት። ከፈረሶቹ አንዳንዶቹ ልክ አሁን እንደገለጽኩት ፈዘው ይቆሙ ነበር፤ አንገት ከጀርባ እኩል፣ ዓይን የማይርገበገብ፣ ጆሮ የማይንቀሳቀስ። እነዚህ ፈረሶች በለመዱት ቦታ ሲነኳቸው ብዙም ግድ የላቸውም። ያልለመዱት ፈታኝ ነገር ሲገጥማቸው ግን ከሌሎቹ የበለጠ ይረበሻሉ። ተመራማሪዎቹ ሁኔታውን በሰው ላይ ከሚታየው ድብርት ጋር አነጻጽረውታል። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ብሩክ በሚባለው የሥራ እንስሳት ድርጅት ትብብር በታዳጊ አገሮች በሚሠሩ ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎች ላይ የተደረገና በ2010 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ። እሱም ለአካባቢው ምላሽ የማይሰጥ እንስሳ ጤናውም ብዙ ጊዜ የተጎዳ መሆኑን ነው ያሳየው። ባለጋሪው "ረጋ ያለ ነው" የሚለው ፈረስ የታመመ፣ ያረጀ፣ የከሳ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዝም ያለ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። ሲያንቀላፋ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑ ግማሽ ይከደናል፣ የታችኛው ከንፈሩ ይላላል፣ አንዱን የኋላ እግር አጠፍ አድርጎ ያሳርፋል። መለያው ቀላል ነው። ጠጋ ስትሉ የሚያርፈው ፈረስ ይነቃል፤ ጆሮውን ወደ እናንተ ያዞራል። የፈዘዘው ግን እንደፈዘዘ ነው።

ቀጥሎ ፊቱ። ይሄኛውን ክፍል በጣም ነው የምወደው። የፈረስ ፊት የሚናገረውን ያህል ብዙ ሰው አያውቅም። በ2015 የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የፈረስን የፊት እንቅስቃሴ ጡንቻ በጡንቻ መዝግበው 17 የተለያዩ እንቅስቃሴዎች አግኝተዋል። በተመሳሳይ ዘዴ ውሻ 16፣ ቺምፓንዚ 13 ነው የተመዘገበላቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ከሚላን የሆኑ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን የፈረስ የሕመም ፊት መለኪያ አውጥቷል። ከመኮላሸት ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የፈረሶችን ፊት ቀርጸው ነው የሠሩት። ስድስት ነገር ያያሉ፦ ጆሮ ወደ ኋላ ደርቆ መቆሙን፣ ዓይን መጥበቡን፣ ከዓይን በላይ ያለው ቦታ መወጠሩን፣ የማኘኪያ ጡንቻ ጎልቶ መታየቱን፣ አፍ መጨማደዱንና አገጭ መውጣቱን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መወጠሩን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ዓይንና ልምምድ ብቻ።

ይህን ስታዩ ፈረሱ ቆሞ ያለ ሥራ ባለበት ሰዓት ይሁን። ዳገት እየጎተተ ያለ ፈረስ አፍንጫው መከፈቱ የተለመደ ነው። አንድ ምልክት ብቻ ይዛችሁም "ታሟል" አትበሉ። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ሌላ ጋሪ ፈልጉ። ለባለጋሪውም በጨዋ ቋንቋ ንገሩት፤ ብዙዎቹ ይሰማሉ።

ገጣባውን ለማየት ደግሞ መማር አያስፈልግም። ደረቱ ላይ፣ የጀርባው ጉብታ ላይ፣ ከጠፍሩ ሥር፣ ከአፉ ጥግ እዩ። የናይሎን ገመድ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከታሰረ ይቆርጣል። ጥሩ ባለጋሪ ከሥሩ ጨርቅ ወይም የተደራረበ ጆንያ ያደርግበታል፣ ሌሊት ያጥበዋል፤ ላብና አቧራ ሲደርቅ አሸዋ ወረቀት ይሆናልና። የጭነቱ ሚዛንም ከዚሁ ጋር ይታያል። ዕቃው ወደ ፊት ከበዛ የጋሪው ዘንግ ጀርባውን ይጫነዋል፤ ወደ ኋላ ከበዛ ደግሞ ከሆዱ ሥር ያለው ጠፍር ሽቅብ ይስበዋል። ተሳፋሪዎቹ ሁላችሁም ወደ ፊት ተጠግታችሁ ከተቀመጣችሁና ከእግራችሁ ሥር ጆንያ ካለ፣ ጆንያውን ወደ መሀል ግፉት። ለፈረሱ ትልቅ ነገር ነው። ከአንገትና ከእግሩ ላይ እየፈነዳ የሚመግል እባጭ ካያችሁ ግን ያ የገመድ ቁስል ላይሆን ይችላል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን አጥብቆ የሚያጠቃ በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ አለ፤ በቁስልና በዕቃ ይተላለፋል። ያንን ፈረስ የሚያየው ሐኪም ነው፣ ልጓሙም ለሌላ ፈረስ መዋስ የለበትም።

ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአዳማ ነገር ስለሆነ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ሲግል እኛ ጥላ ፍለጋ እንሮጣለን። ፈረሱ ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ታስሮ ተሳፋሪ ይጠብቃል። አንዳንድ ባለጋሪዎች በሥራ ሰዓት ውሃ አይሰጡም፤ "ላብ ላይ ከጠጣ ሆዱን ይነፋዋል" ይላሉ። ከአባት የወረሱት ስለሆነ በቀላሉ አይለቁትም። ግን የሚሠራ ፈረስ በላብ የሚያጣውን ውሃ በቀን ውስጥ በየመሀሉ ካልተካ ነው ለሆድ ድርቀትና ለሆድ ቁርጠት የሚጋለጠው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱ ውስጥ የተቋጠረ ነገር ቀልድ አይደለም። እኛም ተማሪዎች ሳለን ቆዳውን ቆንጥጠን ቶሎ ከተመለሰ ውሃ አልጠማውም እንል ነበር። በሞቃት አገር በሚሠሩ ፈረሶች ላይ የተደረገ የ2008 ጥናት ያ ቁንጠጣ አስተማማኝ አለመሆኑን አሳይቷል። ከሁሉ የተሻለው መለኪያ ንጹህ ውሃ አቅርቦ ምን ያህል እንደሚጠጣ ማየት ነው። እስቲ አስቡት፣ የተራቀቀ ምርምር ተደርጎ መጨረሻው "ራሱን ጠይቁት" ሆነ።

እንስሳን ራሱን መጠየቅ ይቻላል ስል ሰው ይጠራጠራል። ኖርዌይ ውስጥ ግን በትክክል ይህንኑ አድርገዋል። በ2016 የወጣ ሥራ ነው። 23 ፈረሶችን ሦስት ምልክት አስተማሯቸው፦ አንዱ ብርድ ልብስ አልብሱኝ፣ አንዱ አውልቁልኝ፣ አንዱ ባለሁበት ተዉኝ። በቀን ጥቂት ደቂቃ እየተለማመዱ ሁሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተማሩት። ሲበርድና ሲዘንብ አልብሱኝ አሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ አውልቁልኝ አሉ። በአፍንጫቸው ምልክቱን እየነኩ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአዳማ ፈረስ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢሰጠው የመጀመሪያ ምርጫው ምን እንደሚሆን አስባለሁ፤ ጥላ ይመስለኛል።

ባለጋሪውስ? እሱም የአገልግሎቱ ግማሽ ነው። ገበያው ጀርባ ከሚቆሙት አንድ አባት አሉ። ፈረሳቸው ቡላ ነው፣ ሰውነቱ የሞላ፣ ጆሮው አንድ ደቂቃ የማያርፍ። መጀመሪያ ቀን "አባባ፣ ውሃ አጠጥተውታል?" ስላቸው ገርሟቸው አዩኝና "ልጄ፣ እሱ ሳይጠጣ እኔ ምሳዬን አልቀምስም" አሉኝ። ከወንበሩ ሥር ጄሪካንና ባልዲ አላቸው። ፉርሽካና ጭድ በከረጢት ይዘው ይዞራሉ፤ ሥራ ሲጠፋ ልጓሙን አውጥተው ያበሉታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ተፈጥሮው ደግሞ አብዛኛውን ቀን እየነጨ እንዲውል ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚበላ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ነው የሚጎትተው። አለንጋ አላቸው፣ ግን ሲመቱበት አላየሁም። ምላሳቸውን ጠቅ ሲያደርጉ ይነሳል፣ "ቆይ" ሲሉት ይቆማል።

ያለ አለንጋ እንዴት እንደሚሆን ለሚጠይቅ ሰው የበርሊኑን ፈረስ ነው የምነግረው። ከመቶ ዓመት በፊት ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር፤ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ፈረሱ ሒሳብ ተጠይቆ በሰኮናው መሬት እየመታ ይመልስ ነበር። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ተመራማሪ በጥንቃቄ ፈተነው። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ፈረሱም አያውቅም። ለካ ሃንስ የሚያነበው ሰውየውን ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርጋትን ትንሽ የራስና የሰውነት እንቅስቃሴ አይቶ ያቆማል። ባለቤቱ አላጭበረበረም፣ እሱም አያውቅም ነበር። ሰው "ፈረሱ ሒሳብ አይችልም" ብሎ ታሪኩን ይዘጋዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውን እስከዚያ ድረስ ማንበብ መቻሉ ነው። እንዲህ ለሚያነብ እንስሳ ጩኸትና ዱላ ምን ያደርጋል?

ደግሞም አይረሳም። በ2016 ሰሴክስ ውስጥ ለ28 ፈረሶች የተቆጡና የሚስቁ ሰዎች ፎቶ አሳይተዋቸው ነበር። የተቆጣውን ሲያዩ የልባቸው ምት ቶሎ ጨመረ፤ ፎቶውንም ይበልጥ በግራ ዓይናቸው ተመለከቱት፣ ብዙ እንስሳት የሚያሰጋ ነገር ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት። በ2018 ደግሞ ጠዋት የአንድን ሰው የተቆጣ ፎቶ ካሳዩአቸው በኋላ ያው ሰው ምንም ዓይነት ስሜት ሳያሳይ በአካል ሲመጣ ተጠንቅቀውበታል። በፎቶ ያዩትን! ጠዋት የተደበደበ ፈረስ ከሰዓት በኋላ ያንን እጅ እንደማያውቀው ሆኖ ይጎትታል ብላችሁ አታስቡ።

ሌላውንም ዓይነት አይቻለሁ። አንድ ወጣት ባለጋሪ ነበር፣ አራት ሰውና የሲሚንቶ ከረጢት ጭኖ ዳገት ላይ ፈረሱን በገመድ ጫፍ ሆዱ ላይ የሚመታ። የፈረሱ አፍ ጥግ ደምቶ ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች "ምን ሆነች?" እያሉ አዩኝ። ነገርኳቸው፣ አንዷ እናት አብራኝ ወረደች።

ያም ሆኖ ባለጋሪዎችን መውቀስ ብቻ ትክክል አይመስለኝም። አንዳንዱ ጋሪው የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈችው ናት የእሱና የፈረሱ። የጭድና የፉርሽካ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ባጃጅ ተሳፋሪውን ወስዶበታል። ፈረሱ ቢታመም የሚተካበት የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ስለ እንስሳ ስሜት መስበክ አይገባም። ውሃና ጨርቅ ግን ብዙ አያስወጡም፣ ፈረሱም ዕድሜ ይጨምራል፤ ከዚህ ሲጀመር ባለጋሪውም ያደምጣል። አንድ ተጨማሪ፦ ማመስገን ከፈለጋችሁ ፊቱን ወይም አንገቱን ጠፍ ጠፍ አታድርጉት። ባለቤቱን አስፈቅዱና አንገቱና ጀርባው የሚገናኙበት ላይ ቆዳው ደህና ከሆነ እከኩት። ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ በ1993 የወጣ ጥናት እዚያ ቦታ ሲታከኩ የልባቸው ምት እንደሚቀንስ ለክቶ አሳይቷል። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥና ወደ ፊት ሲሾል ታያላችሁ። ደስ ይላል።

እሺ፣ "እሱም ሥራ ነው እንዴ?" ወደሚለው።

ይህ ሙያ ስም ያገኘው ቅርብ ጊዜ ነው። የእንስሳት ባህርይ ጥናት አባቶች የሚባሉት ሎሬንዝ፣ ቲንበርገንና ፎን ፍሪሽ በ1973 ኖቤል ሲቀበሉ የደህንነት ጥናቱ ገና ጀማሪ ነበር። በ1965 እንግሊዝ ውስጥ የብራምቤል ኮሚቴ ሪፖርት ወጣ፤ የእርባታ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና አካሉን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። ከዚያ ነው አምስቱ ነፃነቶች የሚባሉት የእንስሳት ደህንነት መመሪያዎች የመጡት። በ1986 ካምብሪጅ ዶናልድ ብሩምን የመጀመሪያው የእንስሳት ደህንነት ፕሮፌሰር አደረገ። በ1994 ኒውዚላንዳዊው ዴቪድ ሜለርና ባልደረባው አምስቱን መስኮች አመጡ፦ ምግብና ውሃ፣ አካባቢ፣ ጤና፣ ባህርይ፣ አምስተኛው ደግሞ እነዚህ ሁሉ ተጠራቅመው እንስሳው ውስጥ የሚፈጥሩት ስሜት። እኔ ጋሪ ላይ ነጥብ የምሰጠው በዚህ ነው።

ተማሪ ከሆናችሁና ይህ ነገር ከሳባችሁ፣ ከአዳማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቸሪ በአገራችን ለሥራ እንስሳት የሚሠሩ ድርጅቶች ናቸው፤ ሐኪም ብቻ አይደለም የሚፈልጉት፣ ባለጋሪን የሚያሠለጥን፣ መረጃ የሚሰበስብ፣ ባህርይ የሚመዘግብ ሰውም ይፈልጋሉ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ መሆኗን አትርሱ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2016 ለሥራ ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎች የተለየ ደረጃ አጽድቋል፤ አባል አገሮችም የእንስሳት ደህንነትን የሚከታተል ተጠሪ ይመድባሉ። ቄራው፣ የዶሮ እርባታው፣ የወተት ላሙ እርባታ፣ የዱር እንስሳት ፓርኩ ሁሉ ይህን ዕውቀት የሚጠይቅ ቦታ ነው። የሥራ ማስታወቂያው በዚህ ስም ሁልጊዜ አይወጣም። "የእንስሳት ጤና ባለሙያ" ወይም "የፕሮጀክት ኦፊሰር" ተብሎ ሲወጣ ዝርዝሩን አንብቡት።

ደግሞ ምርምሩ የፈረንጅ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ ስለ ሐማድርያስ ዝንጀሮ ኑሮ ያጠናውና ዓለም ሁሉ የሚማርበት ሥራ የተሠራው እዚሁ አገራችን በምሥራቁ በኩል ነው። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች የሚዳቀሉበት ቦታ አለ፤ ለአሥርት ዓመታት ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ድረስ እየመጡ አጥንተውታል። መንገዱ በአዳማ ነው የሚያልፈው። እኛ የምንነሳበት ከተማ ላይ እነሱ ነዳጅ ይሞላሉ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ደብተር ይያዝና ጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ይቀመጥ። ፈረሱ የሚያደርገውን ሁሉ ዝርዝር ይጻፍ፦ ጆሮ አዞረ፣ ጭራ መታ፣ እግር አሳረፈ፣ አዛጋ። ለእያንዳንዱ ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው ትርጉም ይስጠው፤ ባለሙያዎቹ ኢቶግራም ይሉታል። "ተናደደ" አይባልም፣ "ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ጥርሱን አሳየ" ነው የሚባለው። ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ቀና ብሎ ያየውን ይመዝግብ። ጓደኛውም ሳይነጋገሩ ያንኑ ፈረስ ይመዝግብ፣ ከዚያ ያስተያዩ። ካልተስማሙ ትርጉሙ አልጠራም ማለት ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ቦሪስ የሚባል በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም አለ፣ የጣሊያን ቱሪን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት። ስታቲስቲክስን አትሽሹት፤ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ለማስተርስ ኤደንብራ በባህርይና ደህንነት ትምህርት አንጋፋ ነው፤ ለእንግሊዝ ቼቨኒንግ የሚባለው ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፣ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ ተመርቃችሁ የምትሠሩት የመጀመሪያው ሥራ ምንም ይሁን፣ መመዝገብ ልመዱ።

ወደ ነጥቡ። ለአዳማ ጋሪ በአጠቃላይ ከ5 ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለገበያው ጀርባው አባትና ለቡላ ፈረሳቸው አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ መቆሚያው ላይ ጥላ ስለሌለ ነው። ለመሳፈር ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ለእናንተም ለፈረሱም ይቀላል። ዕቃ ከበዛ ሁለት ጋሪ ተከራዩ። ዋጋ ስትከራከሩ ስለ ጭነቱ እውነቱን ንገሩት፣ እየተጓዛችሁ አንድ ጆንያ አትጨምሩበት። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጆሮው የሚንቀሳቀሰውን ምረጡ።

ከተማው ደግሞ በየጋሪ መቆሚያው አንድ የውሃ ገንዳና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ቢያደርግ፣ እኔ ነጥቡን በማግስቱ አስተካክላለሁ።